ሁለተኛ ሰው ያልነበረበት ጠዋት

በክፍሉ ውስጥ አምስት ነበርን። ፈታኟ ኬረን ወረቀቷን ይዛ ከአልጋው ግርጌ ቆማለች። ማናጀሯ በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፋለች። የሥራ ጓደኛዬ ሰዓዳ ከማንሻው ማሽን በስተግራ ናት። አንዲት ሠራተኛ እንደ በሽተኛ ሆና አልጋው ላይ ተኝታለች። እኔ ከማሽኑ በስተቀኝ ነበርኩ፤ ከኋላዬ መስኮት ነበር።

ፈተናው በየዓመቱ ያለ ነው። በአረጋውያን መጦሪያ የምንሠራ ረዳት ነርሶች ሰውን ከአልጋ ወደ ወንበር በማሽን ማንሳት እንደምንችል በየዓመቱ አሳይተን ካላለፍን ሕሙማንን መንካት አይፈቀድልንም። ስድስት ጊዜ አልፌዋለሁ። ስሊንግ የሚባለውን ሰፊ ጨርቅ ከተኛችው ሴት ሥር አስገባን። ሰዓዳ በእሷ በኩል ያለውን ማንገቻ መንጠቆው ላይ ሰቀለች። እኔም የእኔን ልሰቅል ክንዴን አነሳሁ።

ክንዴ ትከሻዬ ጋ ሲደርስ ቆመ።

አልታዘዘኝም። እንደገና ሞከርኩ። በግራ እጄ ሰቀልኩት።

“በቀኝሽ ድገሚው” አለች ኬረን።

አልቻልኩም። ወረቀቷ ላይ “ገና ብቁ አይደለችም” ብላ ጻፈች። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደምትመለስ ነገረችኝና፣ “ትከሻሽን አሞሻል?” አለችኝ።

“ደክሞኝ ነው” አልኳት።

ድካም አልነበረም። ከሦስት ሳምንት በፊት የሆነውን አውቅ ነበር።

እማማ በላይነሽ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። እግራቸው አይሸከማቸውም። እንግሊዝኛ ስለማይችሉ በመጦሪያው ውስጥ የሚያወሩት ከእኔና ከሰዓዳ ጋር ብቻ ነው። ማሽኑን ይጠሉታል። “እንደ ታረደ በግ አታንጠልጥሉኝ” ይላሉ። በዚያ ጠዋት የማርያም ንግሥ ነበር፤ ልጃቸው ቤተ ክርስቲያን ልትወስዳቸው መኪናዋን ውጭ አቁማ ትጠብቃለች። ማሽኑ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ሰዓዳ ደግሞ ሌላ ሰው እያጠበች ነበር።

“ትንሽ እንጠብቃት” አልኳቸው።

“ምኗን ነው የምንጠብቀው? አንቺ እጅ የለሽም? ወይስ እኔንም በአዋጅ ነው የምታነሺኝ?”

በብብታቸው ሥር ገብቼ አነሳኋቸው። እናቴንም በታመመች ጊዜ ያነሳኋት እንደዚያ ነበር። መሃል ላይ ጉልበታቸው ከዳቸው። ክብደታቸው ሁሉ ቀኝ ክንዴ ላይ ወደቀ። ትከሻዬ ውስጥ አንድ ነገር ተቀደደ። አልጣልኳቸውም። ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳቸው።

“እጅሽ ይባረክ” አሉኝ።

ለማንም አልተናገርኩም።

የረዳት ነርስነት ሰርተፊኬቴ እንዴት እንደተገኘ ልንገራችሁ። ትምህርቱን የጀመርኩት በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ብዙ ዘመን አልፎ ነበር። በመጀመሪያው የተግባር ፈተና ወደቅሁ፤ አልጋ ላይ ያለችውን ሴት ፈቃዷን ሳልጠይቅ ማጠብ ጀምሬ ነበር። እኛ ዘንድ የታመመን ሰው “ልርዳህ?” ብሎ የሚጠይቅ፣ ላለመርዳት ምክንያት የሚፈልግ ነው። እዚህ ደግሞ ሳይጠይቅ የሚነካ ጥፋተኛ ነው። ይህንን ተማርኩና በሁለተኛው አለፍኩ። በዚህ አገር ስሜ የተጻፈበት፣ ደክሜ ያገኘሁት ወረቀት ይህ አንድ ብቻ ነው።

አሁን ሁለት በር ነበረኝ፤ ሁለቱም ተቆልፈዋል። ተጎድቻለሁ ብል የጉዳት ማሳወቂያው ፎርም መቼ፣ የት፣ ሁለተኛው ሰው ማን ነበር ብሎ ይጠይቃል። ብቻዬን ያለ ማሽን አነሳሁ ማለት በራሴ እጅ ሰርተፊኬቴን መመለስ ነው። ዝም ብል ደግሞ ክንዴ በሁለት ሳምንት ውስጥ አይነሳም። መደበቅ ተማርኩ። ፀጉሬን በግራ አበጠርኩ። ሻይ በግራ ያዝኩ። በቀኝ ጎኔ መተኛት ተውኩ። ከሰፈሬ ከኬንሲንግተን ባቡር ስሳፈር እንኳ መያዣው በግራዬ የሚሆንበትን ቦታ እመርጥ ነበር።

ሁለቱ ሳምንት ሳይሞላ ሸሚዝ መልበስ አቃተኝና ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ማሪቢርኖንግ በሚባለው ሰፈር ትከሻዬን አልትራሳውንድ ተነሳሁ። ሐኪሙ ሥዕሉን እያየ፣ “ክንድን ከሚያነሱት፣ ‘ሮቴተር ከፍ’ ከሚባሉት ጅማቶች አንዱ በከፊል ተቀድዷል። ትከሻውም መድረቅ ጀምሯል። ለምን ዘገዩ?” አለኝ።

ሸሚዜን በግራ እጄ መቆለፍ ጀመርኩ።

“ከደበቁት ይደርቃል” አለኝ። “ከደረቀ ማበጠሪያም አያነሳም።”

በማግስቱ ፎርሙን ይዤ የሠራተኞች ሻይ ክፍል ገባሁ። ሰዓዳ ከጎኔ ተቀመጠችና አነበበችው።

“ሁለተኛዋ ሰዓዳ ነበረች ይበሉ፣ እትዬ ሙሉ። በማሽን ስናነሳቸው ነው የተጎዱት። እኔም እንደዚያው እላለሁ።”

“ውሸት እኮ ነው፣ ሰዓዳ።”

“አንድ ውሸት አላህ ይቅር ይለኛል። ይቅር የማትለኝ ማናጀሯ ናት።”

ሳቅኩ፤ ስስቅ አመመኝ። እሷ ሰርተፊኬቷን ካገኘች ገና ዓመት አልሞላትም። ሦስት ልጆች አሏት። ሁለተኛ ሰው በሚለው ቦታ ላይ “ማንም አልነበረም” ብዬ በግራ እጄ ጻፍኩ።

ማናጀሯ ሁለት ጊዜ አነበበችው። “ሌላ ብትጽፊ አናውቅም ነበር” አለችኝ።

“አውቃለሁ” አልኳት።

ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። ለስድስት ወር ማንንም እንዳልነካ፣ በምግብ አዳራሹ ብቻ እንድሠራ ተወሰነ። ክንዴ ከዳነና ሥልጠናውን ከመጀመሪያው ወስጄ ካለፍኩ እመለሳለሁ፤ ካልሆነ ሥራው ያበቃል። ከምግብ አዳራሹ በር ወደ መኝታ ክፍሎቹ አሥር እርምጃ ነው። አልተራመድኩትም። የጥሪው ደወል ሲጮህ እሰማለሁ፤ ሻይ እቀዳለሁ።

“ሻይ ቀጂ ሆንሽ?” አሉኝ እማማ በላይነሽ። “ተሹመሽ ነው ወይስ ተሽረሽ?”

“ተሽሬ ነው፣ እማማ።”

ምክንያቱን አልነገርኳቸውም።

ኮርቲዞን የሚባለውን መርፌ አንድ ጊዜ ትከሻዬን ተወጋሁ፤ ከዚያ በኋላ የቀረውን ያደረገው ክንዴን ያለማመደችኝ ፊዚዮቴራፒስት ትዕግሥትና የወጥ ቤቴ ግድግዳ ነው። ጣቶቼን እንደ ሸረሪት ግድግዳው ላይ እያራመድኩ ወደ ላይ እወጣለሁ፣ የደረስኩበትን በእርሳስ አሰምራለሁ፣ በማግስቱ ከመስመሩ በላይ ካልሄድኩም ከመስመሩ በታች ባለመውረዴ ደስ ይለኛል። በአራተኛው ወር መስመሩ ከመብራት ማብሪያው አለፈ፣ በአምስተኛው ከላይ ካለው ቁም ሳጥን ሰሃን አወረድኩ፣ በስድስተኛው ደግሞ የልጅ ልጆቼ እኩያ ከሆኑ ጀማሪዎች ጋር ተቀምጬ ሥልጠናውን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። ኬረን መጣች። ማንገቻውን መንጠቆው ላይ በቀኜ ሰቀልኩት። ክንዴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ሲበርድ ያስታውሰኛል። አልፌያለሁ።

ሐኪሙን፣ ፊዚዮቴራፒስቷንና ያን ውሸት ልትዋሽልኝ የነበረችውን ሰዓዳን አመሰግናለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ እህቶቼ የምለው ጥቂት ነው። ትከሻችሁ የተናገረ ዕለት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሽማግሌ ሲለምናችሁ ማክበርና መታዘዝ አንድ እንዳልሆነ እኔ ዘግይቼ ነው የተረዳሁት። ያን ቀን ብንወድቅ ኖሮ የሚሰበረው የእኔ ዳሌ አልነበረም።

በተመለስኩበት ጠዋት ከሰዓዳ ጋር ማሽኑን እየገፋን እማማ በላይነሽ ክፍል ገባን። ማሽኑን አዩት፤ ከዚያ እኔን።

“በእጅሽ አንሺኝ” አሉ።

“አልችልም፣ እማማ። እጄ ያን የንግሥ ጠዋት እርስዎን ሳነሳ ተጎድቶ ነው የተሻርኩት።”

ቀኝ ትከሻዬን አዩት። ሰዓዳ መስኮቱን ታያለች።

“በዚህ ላንሳዎት?” ብዬ ጠየቅኳቸው።

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ከነጠላው ሥር፣ “አንሺኝ” አሉ።

አነሳናቸው። ወንበሩ ላይ አስቀመጥናቸው። ነጠላውን ከፊታቸው አወረድኩላቸው፣ ትከሻቸው ላይ አስተካከልኩና ወጣሁ።