የአዴ ረቢአ እሬት

ከሚሴ መቃብር ላይ ከሚታየው እሬት ግማሹ የወጣው ከአዴ ረቢአ ጓሮ ነው። ሰው ሲሞት ጎረቤት አጥራቸው ላይ ይደርሳል፤ እሳቸውም እናቲቱ እሬት ከሥሯ ካወጣቻቸው ልጆች አንዱን በዶማ ይገነጥላሉ። ቁስሉ እስኪደርቅ ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ ያኖሩታል፤ በእርጥቡ ከተተከለ ይበሰብሳል። እኔ ችግኝ ጣቢያ የተማርኩት ከዚህ አይበልጥም።

ልጃቸው ኢርፋን ወደ ዓረብ አገር ሊሻገር በባቲ አድርጎ ወደ ባሕሩ በሄደ ሰሞን፣ ለአንድ ሐዘንተኛ ሲገነጥሉ ሁለት ተጣብቀው ወጡ። አንዱ ተረፈ። ለመቃብር የወጣ እሬት ወደ ጓሮ አይመለስም፤ ከተመለሰ ከቤቱ ሰው ወደ መቃብር ይጠራል ይባላል። ግድግዳው ላይ፣ ሚስማር ላይ ሰቀሉት።

አብሮት የሄደው አብዱልጀሊል ብቻውን ተመለሰ። ጀልባዋ ተገልብጣለች፤ ኢርፋን ሲሰምጥ ግን አላየሁም አለ። ሽማግሌዎች መጥተው ሬሳ በሌለበት የሚሰገደውን ሶላት እንስገድለት ቢሉ፣ አዴ ረቢአ ከደጅ መለሷቸው። ዶማውንም አስቀመጡ። አራት ዓመት ለማንም አልገነጠሉም። ሚስማሩ ላይ ያለው እሬት አፈር ሳይነካ፣ ውሃ ሳይቀምስ አረንጓዴ እንደሆነ ቆየ። እዚያ ቤት የገባ ሰው ጀርባውን ሰጥቶት አይቀመጥም ነበር።

ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ጎረቤታቸው ነጅዋ ጠራችኝ። የጓሮው እሬት ተጨናንቆ መሀሉ መበስበስ ጀምሯል። ካልተከፋፈለ ሁሉም ይሄዳል አልኳቸው። ዶማውን ራሳቸው አወጡ። ሠላሳ አንድ ልጅ ወጣ።

«ይህንንስ ከሚሴ እንዳለ ቢሞት አይጨርሰው» አለች ነጅዋ።

አዴ ረቢአ አልሳቁም። እሬት ለሌለው መቃብር ሁሉ አድርሱ ብለው፣ ወደ ቤት ገብተው የሚስማሩን እሬት ይዘው ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት ከባላቸው መቃብር ጎን ጉድጓድ ቆፈርኩ። እሬቱን በእጃቸው አስገቡት። አፈሩን መልሼ በተረከዜ ልጠቀጥቅ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ኢልመኮ፣ ልጄ፣ አትርገጠው። ሲመጣ በራሱ እጅ ይነቅለዋል።»

ያልተጠቀጠቀ አፈር ሥር አያሲዝም እያልኩ ገበሬ ስመክር አሥር ዓመቴ ነው። እንዳለ ተውኩት።

ባለፈው ጁምዓ በመቃብሩ በኩል ሳልፍ ጎንበስ ብዬ እሬቱን ሳብ አደረግኩት። አልተነቀለም። ደግሜ ሳብኩት፤ ንቅንቅ አላለም።

ማታውን አዴ ረቢአ እንዴት ነው ብለው ጠየቁኝ። አፈሩ እንደላላ ነው አልኳቸው።