የመቀስ መንገድ

አሰብ ውስጥ ተክለጻድቅን የሚወድ ሰው ነበረ ብሎ የሚነግራችሁ ካለ ውሸቱን ነው። ሰዉ ይፈልገው ነበር እንጂ አይወደውም ነበር። ካምፖ ሱዳን በሚባለው ሰፈር ያለችው ፎቶ ቤት የሱ ናት፤ መታወቂያ የሚያወጣም፣ የሚያገባም፣ ልጁን ክርስትና የሚያስነሳም የግዱን ደጇን ይረግጣል። ይህን ስለሚያውቅ ደንበኛውን «አገጭ ቀና! አትተንፍስ!» እያለ እንደ ምልምል ወታደር ነበር የሚያንጓጥጠው።

እፀገነት የሟች ወንድሙ የስለሺ ሚስት ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያች ፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም ስታጥብና ጉርድ ፎቶ ስትቆርጥ ጣቶቿ በመድኃኒቱ ቢጫ ሆነው ቀርተዋል። ካሜራ ግን ነክታ አታውቅም። ስለሺ በሕይወት እያለ ሊያስተምራት ሲል ተክለጻድቅ አይሆንም አለ፤ ስለሺ ከሞተ ወዲያማ ማን ይጠይቀዋል! «የሴት እጅ ይንቀጠቀጣል» ይላል። የሚንቀጠቀጠው የሱ የገዛ እጁ እንደሆነ ጎረቤቱ ሁሉ ያያል፤ ግን ማን ደፍሮ!

በ1989 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አንድ ቀን ምሳ እየበላ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት፣ «ከአዲስ አበባ አንድ ጎበዝ ፎቶ አንሺ ላስመጣ ነው» አላት። «ጥር ካለቀ በኋላ አንቺ ደሴ ወንድምሽ ቤት ትገቢያለሽ።»

እንግዲህ ደሴ መግባት ማለት ምን ማለት እንደሆነ እሷ ታውቀዋለች። የወንድሟን ሚስት ፊት እያዩ መኖር ነው። እንጀራ ቆርሳ በጎረሰች ቁጥር የምትቆጥርባት ሴት ናት። እፀገነት ሳህኑን አነሳች። ግን ያን ቀን በልቧ ማለች፦ ከዚች ከተማ የምትወጣ ከሆነ ሬሳዋ ይውጣ እንጂ ደሴ አትሄድም።

ስለ ተክለጻድቅ አሠራር አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሳላወራላችሁ ባልፍ ነገሩ አይገባችሁም። ሁለት ሰው ሲያነሳ አጠገብ ላጠገብ አያቆምም። መሃላቸው መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ያስተዋቸዋል፤ ክፍተቱን «የመቀስ መንገድ» ይለዋል። አትሳቁ፣ ምክንያት አለው። አሰብ የወደብ ከተማ ናት። ሹፌሩ አሰብ አንድ፣ ሚሌ አንድ፣ ኮምቦልቻ አንድ ቤት አለው። ዛሬ ተቃቅፈው የተነሱት በሦስተኛው ወር ፎቷቸውን ይዘው ይመጡና «ይሄን ሰውዬ አውጣልኝ» ይላሉ። ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ከሆነ ሲቆረጥ ያንዱ ጆሮ ከሌላው ጋር ይሄዳል፤ ከዚያ ጭቅጭቅ ነው። ስለዚህ ሙሽራም ይሁን ወንድማማች፣ እናትና ልጅም ቢሆኑ ተራርቀው ይቆማሉ። የቤቱ ደንብ ነው፤ ወደድክም ጠላህም።

የእፀገነት ወንድም ክብሩ ከአዲስ አበባ አሰብ የሚመላለስ የተሳቢ ሹፌር ነው። ሚስቱ እንዲያ ትሁን እንጂ እሱ እህቱን ይወዳል። በዚያው ሰሞን ከአንድ መርከበኛ ላይ አንዲት ጥቁር ካሜራ ገዝቶ አመጣላት። «ምስሉን ራሷ ታጠራለች፤ ያንቺ ሥራ መጫን ብቻ ነው» አላት።

ተክለጻድቅ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አያትና ወረወረላት። «ይቺ የሰነፍ ካሜራ ናት። ዓይን ለሌለው ነው የተሠራችው።»

መጫን ብቻ ነው ይበል እንጂ ክብሩ፣ እንዲያ ቀላል አልነበረም። የመመሪያው መጽሐፍ በጃፓንኛ ነው። የመጀመሪያ ቀን ፊልም ሳታጎርስ ወደ ነጩ ግድግዳ አዙራ ብትጫናት ሌንሷ ዝዝዝ ብሎ ወጣ፣ ዝዝዝ ብሎ ገባ፣ እንደገና ወጣ፤ አላነሳም ብላ ቁጭ አለች። «ምን ልሁን ነው የምትይው አንቺ ደግሞ!» ብላ ጮኸችባት። የሞተች መስሏት አለቀሰች። ኋላ እንባዋን ጠርጋ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ብታዞራት፣ «ጢጥ» አለችና አረንጓዴ መብራት አበራች። ለካስ ባዶ ነገር አትወድም፤ የምትይዘው ነገር ትፈልጋለች።

ከዚያ ፊልም አጎረሰቻት። መስኮቱ ደፍ ላይ ሁለት የለስላሳ ጠርሙሶች አቆመች፤ በቤቱ ደንብ መሠረት መሃላቸው የመቀስ መንገድ ትታ ማለት ነው። ሠላሳ ስድስቱንም ጨረሰች። የቀለም ፊልም አሰብ አይታጠብም ነበር፤ ክብሩ አዲስ አበባ ወስዶ አሳጥቦ በአሥረኛው ቀን መለሰላት። ፖስታውን ስትከፍተው ልቧ ስንጥቅ አለ። ጠርሙሶቹ ጭስ መስለዋል። ከኋላ ያለው የጎረቤት ቆርቆሮ አጥር ግን ምስማሩ እንኳ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ተክለጻድቅ ከእጇ ነጠቃትና ደንበኛ በተሞላበት ሳቀ። «ጠርሙስ! የማይተነፍስ፣ የማይነቃነቅ ጠርሙስ ማንሳት ያቃታት!» አንዱን መረጠና «የእፀገነት ሥራ» ብሎ ጽፎበት በሩ አጠገብ ለጠፈው። የገባው ሁሉ እያየ ይስቃል፤ እሷ ጥርሷን ነክሳ ጉርድ ፎቶ ትቆርጣለች። ይህን ሰው አንድ ቀን፣ አለች በሆዷ።

ቀትር ላይ እሱ ሲተኛ እሷ ከፎቶዎቹ ጋር ትቀመጥ ነበር። ካሜራዋ ጠርሙሱን ትታ ምስማሩን ለምን አየች? ሦስት ቀን ፈጀባት እንጂ ገባት። ካሜራዋ የምታየው፣ ዓይን የሚደገንባት ቀዳዳ መሃል ላይ በተሰመረችው ትንሽ ሳጥን ብቻ ነው። ሳጥኗ ውስጥ የገባውን ትይዛለች፤ የቀረው ጉዳይዋ አይደለም። መሃሉ ላይ ክፍተት ካለ በክፍተቱ አልፋ ከኋላ ያለውን ትይዛለች። በድሮው ካሜራ ቀለበቱን እያዞረ የሚያጠራው ያንሺው ዓይን ነው፤ እዚህ ግን ወሳኟ ሳጥኗ ናት። እንግዲያውስ ሳጥኗን መጀመሪያ ጠርሙሱ ላይ ማሳረፍ፣ ጣትን ግማሽ መንገድ መጫን፣ «ጢጥ» ስትል ጣትን ሳያነሱ ወደፈለጉት መመለስና ከዚያ መጨረስ ነው።

ጎረቤቷ አመለወርቅን ከነልጆቿ ባሕሩ ዳር አስቁማ ሁለተኛውን ፊልም አነሳች። ሲመለስ ፊታቸው ቁልጭ ብሎ፣ የላባቸው ጠብታ ሳይቀር ይታይ ነበር። ለተክለጻድቅ አላሳየችውም። የጠርሙሷንም ፎቶ ከበሩ ንቀለው አላለችውም። ቢጠይቀኝ እነግረዋለሁ፣ ትል ነበር ለራሷ፤ እንደማይጠይቃት እያወቀች።

ጥር ላይ መሲ አገባች። መሲ ወደቡ ላይ ጸሐፊ ናት፤ ለእፀገነት ከእህት አትተናነስም። እናቷ እትዬ ሐረገወይን ጉበታቸው ታሞ ሐኪሞቹ ቁርጡን ነግረዋቸዋል፤ ልጄን ሳልድር አልሞትም ብለው ከኮምቦልቻ በክብሩ መኪና ጋቢና ውስጥ ተኝተው ነው የመጡት። ፎቶ የሚባል ነገር የላቸውም። አልጋ ላይ አታንሱኝ፣ ቆሜ ከልጄ ጋር ነው የምነሳው ብለው ለመኑ። እንደ አሰብ ሙሽሮች ሁሉ፣ መሲም ሙቀቱ በረድ ሲል ባሕር ዳር ስለምትነሳ እሳቸው እዚያው እንዲመጡ ተባለ። ይህን ሠርገኛው ሁሉ ያውቃል፤ ተክለጻድቅም፣ እፀገነትም።

«የእማዬን አንቺ ነሽ የምታነሺልኝ» አለቻት መሲ፤ «ባዲሷ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተክለጻድቅ ሚዜዎቹን በአሮጌ ካሜራው እያነሳ ሳለ እትዬ ሐረገወይንን ሁለት ሰዎች ደግፈው አመጧቸው። ነጭ በነጭ ለብሰዋል። መሲ ልታቅፋቸው ስትል ተክለጻድቅ «ራቅ! ቬሎው ይጨማደዳል!» ብሎ እዚያም የመቀስ መንገዱን አስተዋቸው። በሞት አፋፍ ያለች እናትና ልጅ! ከኋላቸው፣ በመሃላቸው ክፍተት በኩል፣ ወደቡ ላይ የቆመች መርከብ ትታያለች።

እፀገነት ካሜራዋን አነሳች። ሳጥኗን እትዬ ሐረገወይን ፊት ላይ አሳረፈችና ጣቷን ግማሽ መንገድ ተጫነች። «ጢጥ።» ይህን ጊዜ አንድ እጅ ከጎን መጥቶ ካሜራዋን ጨበጠው።

«ስጪ ወዲህ! ሰው ፊት አታዋርጂኝ!»

ሠርገኛው ሁሉ አዲሷን ካሜራ እያየ ነበር፤ ይህን አልቻለውም። ሲጎትት ማንገቻው አንገቷን ፋቃት። ከሚዜዎቹ አንዱ «ልምድ ያለው ያንሳ እንጂ!» አለ። ሌሎቹ ሳቁ።

ተክለጻድቅ ካሜራዋን ዓይኑ ላይ አደረገና እንደ ልማዱ መሃል ለመሃል አነጣጠረ። እፀገነት ትከሻው አጠገብ ቆማለች። ሳጥኗ የት እንዳረፈች በዓይኗ ሳታይ ታውቃለች፤ ክፍተቱ ላይ ናት፣ መርከቧ ላይ። ካሜራዋ «ጢጥ» አለች፤ ረክታለች። «ቀላል ናት እኮ!» አለ ሰውዬው።

ቃሉ አፏ ላይ ነበር። ፊታቸው ላይ ያድርጉት። ይኸው ነው። ግን በሩ ላይ የተለጠፈው ጠርሙስ ታያት፣ ሳቁ ታያት፣ ደሴ ታየቻት። ያንሳ፣ አለች በሆዷ፤ ሁሉንም ያንሳ፤ ነገ ከተማው ሁሉ ይወቅለት። እትዬ ሐረገወይንን አላየቻቸውም እንዳትሉ፤ አይታቸዋለች። ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ ፈገግ ብለው ቆመዋል። አይታም ዝም አለች። እሱ እናትና ልጁን፣ ኋላም ሙሽሮቹን በዚያው ክፍተት እያቆመ ሠላሳ ስድስቱን ጨረሰ።

እትዬ ሐረገወይን በሁለተኛው ሳምንት አረፉ። ፎቶው ከአዲስ አበባ የመጣው ቀብሩ በዋለ በአራተኛው ቀን ነው። መርከቧ ዝገቷና ገመዷ ሳይቀር ጥርት ብላ ትታያለች። ከፊቷ ሁለት ነጭ እንፋሎቶች ቆመዋል፤ የትኛዋ እናት፣ የትኛዋ ልጅ እንደሆነች ቬሎው ባይኖር አይለይም።

የሙሽራው ወንድሞች ፎቶ ቤቱ ድረስ መጥተው ተክለጻድቅን አዋረዱት። ካሜራው ነው አለ፣ ፊልሙ ነው አለ፣ አዲስ አበባ አጣቢዎቹ ናቸው አለ፤ ማን ሰምቶት! «አርጅቷል፣ ዓይኑ ጠፍቷል» ተባለ። ከአዲስ አበባ ሊመጣ የነበረውም ሰው ወሬውን ሰምቶ ቀረ። ደንበኛው ሲገባ «እፀገነት ታንሳን» ይል ጀመር። ጥር አልፎ የካቲት ገባ፤ ስለ ደሴ የሚያነሳ ጠፋ። የጠርሙሱን ፎቶ ራሱ ተክለጻድቅ ነቀለው። እውነቱን ልናገርና በዚያ ሰሞን እፀገነት እንቅልፏን ለጥ ብላ ነበር የምትተኛው። ደስ ብሏት ነበር። እሰይ፣ የእጁን አገኘ!

የእትዬ ሐረገወይን አርባ በወጣ ማግስት መሲ ጥቁር ለብሳ መጣች። ተቀመጠችና ፎቶውን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«የሠርጉ ሌላው ይቅር» አለች። «እማዬን ብቻ። ማታ ማታ ይዤ አያለሁ፤ ዓይኗን ፈልጌ አጣሁት፣ እፀዬ። ያንን ሽማግሌ ዓይኑ ይፍሰስ! አንቺ ብታነሺያት ኖሮ…» የእፀገነትን ቢጫ ጣቶች ያዘች። «ካሜራዋ እጅሽ ላይ ነበረች እኮ። ነጠቀሽ። እንደሚያበላሻት ብታውቂ ኖሮ ትነግሪኝ ነበር፣ አይደል?»

አዎ ብትል ያልቅ ነበር። አንዲት አዎ። ስንቱ በየቀኑ ይላል! ግን መሲ ጣቶቿን እንደ ሕፃን ጣት እያሻሸችላት ነበር፤ እሱን አልቻለችውም።

«አውቅ ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«ካሜራዋ እናትሽን እንደማታወጣቸው። መሃላችሁ ባዶው ላይ ነበር ያነጣጠረው። እያየሁት ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እንዲዋረድ ብዬ።»

መሲ እጇን ቀስ ብላ አወጣች። «ስንት ቃል ይፈጅብሽ ነበር?» አለቻት።

«ሦስት።»

መሲ ፎቶውን መልሳ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ተነስታ ወጣች፤ ደህና ዋይም አላለቻት።

የጨለማው ክፍል መጋረጃ ተገለጠ። ተክለጻድቅ ሁሉንም ሲሰማ ነበር። እፀገነት ተነስታ ቆመች፤ አሥራ አንድ ዓመት የለመደችውን ጩኸት ጠበቀች፤ ምን እንደምትመልስለትም አዘጋጅታ ነበር። እሱ ግን መሲ የተነሳችበት ወንበር ላይ ቁጭ አለና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ይንቀጠቀጣሉ።

«እኔ ክፉ ሰው ነኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አሰብ ያውቀዋል። ግን ያቺን ሴትዮ ያጠፋኋት ሳላውቅ ነው። አንቺ እያወቅሽ ነው።»

ከዚያ የፎቶ ቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረላት። «ውሰጂው፤ ከእኔ የባስሽ ነሽ» አላት። ለስድብ አልነበረም ያለው። ስድብ ቢሆንማ ትመልስለት ነበር።