የማይራመድ ሣር

ዓመቱ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 1992 ይመስለኛል። የለም፤ አውሎ ነፋሱ የኦርሜሊን የዳቦ ፍሬ ዛፍ አንድ ወገን ከገነጠለው በኋላ ከሆነ 95 መሆን አለበት። ወቅቱን ግን አልጠራጠርም። ለሽቶ የሚሸጠው የቬቲቨር ሣር ሥር የሚቆፈርበት ደረቅ ወራት ነበር፤ ከሌ ካይ ከተማ በላይ ያለው ኮረብታችን ተገለባብጦ አቧራው ራሱ ሽቶ ሽቶ ይላል።

ኦርሜሊ ባሏ ሴንቪል ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ሥር እየቆፈረች የምትኖር፣ ሰላምታዋ እንኳ የሚቧጭር ሴት ነበረች። ሥር በማይሸጥበት ወራት የሚያኖራት ጓሮዋ ያለው፣ ፍሬው እንደ ድንች ተቀቅሎ የሚበላ የዳቦ ፍሬ ዛፍ ነው። ከዛፉ ማዶ የቬቲቨር አጥር አለ፤ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ልጇን ክርስትና ያነሣው ዴልቫ።

ዴልቫ ድንበር ተሻግሮ ለዓመታት ሸንኮራ ሲቆርጥ ኖሮ የተመለሰ ዕለት፣ ዕቃውን ሳያወርድ ዛፉን አየና ፊቱ ጠቆረ። ዛፉ አባቴ የተከለው ነው፣ ከአጥሩ ወዲህ በእኛ በኩል ነበር አለ።

"እኔ ስሄድ ነው አጥሩ እግር ያወጣው፣ አበልጄ?" አላት።

ከዚያ በኋላ ሰላምታም ቀረ። እሷ እጣቢዋን እሱ በሚያልፍበት ትደፋለች፤ እሱ ፍየሉን ጎመኗ ላይ ይለቃል። በመጨረሻ የመንደሩ ሹም ሰዎች አስከትሎ ሊዳኛቸው መጣ። ኦርሜሊ ዶማዋን ተደግፋ ጠበቀችው።

"ይኼ ሣር ያብባል እንጂ ዘር አይበትንም" አለች። "እንደ ሰርዶ መሬት ለመሬት አይሳብም። በተተከለበት ይወፍራል፣ ሥሩን ቁልቁል ይሰዳል፣ በቃ። ሰው ካላነሣው አይነሣም። ሌላ ቦታ ከነበረ ሥሩ እዚያው ቀርቷል። ቆፍሩ። ካገኛችሁ ዛፉን ይውሰደው።"

"ከራሷ አፍ ነው፤ ሰምታችኋል" አለ ዴልቫ።

የሹሙ ሰዎች ከአጥሩ ጀምረው እስከ ዛፉ ግርጌ ቆፈሩ። ከቀይ አፈር በቀር ምንም የለም። ኦርሜሊ አልጋህ ሥርም እንቆፍርልህ እንዴ እያለች አላገጠችበት። እሱ ዶማውን ተቀብሎ ዛፉን አለፈና የማድ ቤቷ ግድግዳ አጠገብ መታ።

ዶማው ያዘ። የጠቆረ፣ የሞተ ሥር፣ እንደ ሽቦ ተጠላልፎ ቀጥ ብሎ ቁልቁል ወርዷል። ግድግዳውን ይዘው ሲቆፍሩ እስከ መንገዱ ድረስ ያው ነው። ሽታው ብድግ አለ። የሴንቪልን ስም ማንም አልጠራም፤ ነገር ግን በዚያ ኮረብታ ላይ ሣር ነቅሎ፣ ተነቀለ ሳይባል ሌላ ቦታ የሚያጸድቅ እጅ የነበረው እሱ ብቻ ነው።

ኦርሜሊ ጎንበስ ብላ አንድ ቁራጭ አነሣች፤ አሸተተችና መለሰችው።

"ውሰደው" አለችው። "ፍሬው አንጀትህን ይቁረጠው፣ አበልጄ።"

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ልጇ ልትሄድ ሥር በጫነው መኪና ላይ፣ ከጆንያዎቹ አናት፣ ሳፋዋን ታቅፋ ተቀምጣ አየኋት። ባሏ አጥሩን ሲያዛውር ታውቅ እንደነበር ልጠይቃት ወደ መንገዱ ወረድኩ። ቀና ብላ አየችኝ። አፌን ሳልከፍት መኪናው ቁልቁለቱን ተያያዘው።