ባትሪውን እያወጣሁ የደበቅኩት ስልክ

ይህ የሆነው በፈረንጆቹ 2015፣ ሪያድ መላዝ ሰፈር በሰው ቤት ስሠራ ነው። ያቺን ረቡዕ እስከ ዛሬ አልረሳትም።

ማዳም ስልክ እንድይዝ አትፈቅድም ነበር። እኔ ግን ሲም ካርድ የሌለው አሮጌ ስልክ ነበረኝ፤ በቤቱ ዋይፋይ እጠቀምበታለሁ። ድንገት ጮኾ እንዳያጋልጠኝ፣ ስጨርስ ባትሪውን አወጣና ስልኩን ከሩዙ ጆንያ ሥር፣ ባትሪውን ትራሴ ውስጥ እደብቃለሁ።

ልጄ ራህማ አገር ቤት፣ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ከእናቴ ጋር ነበረች። እነሱ ስልክ የላቸውም። የምንገናኘው ሰዒድ የሚባል፣ እዚያው ሪያድ፣ ሱለይ ሰፈር መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ያገራችን ልጅ በከፈተው ድረ ገጽ ነው። እኛ ሴቶች ለቤተሰብ መልእክት እንጽፍበታለን፤ የፓስፖርትና የኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዳችንን፣ ፎቶም እንልክበታለን። ራህማ ከተማ ስትወጣ ኢንተርኔት ቤት ገብታ ታነበዋለች።

እኔ ፈሪ ነኝ። የማዳም ትልቁ ልጅ ኮምፒውተር ይማራል። «በእነሱ ዋይፋይ የምጽፈውን ሊያየው ይችላል?» ብዬ ሰዒድን ጠየቅኩት። «ይችላል እህቴ» አለኝ። ሌሎችም ጠይቀውት ኖሮ፣ ብዙም ሳይቆይ ማስታወቂያ አወጣ። ከማክሰኞ ጀምሮ መልእክታችን ተቆልፎ እንደሚሄድ፣ ቀይ ምልክት ካየን ግን ሌላ ሰው ሊያነበው ስለሚችል አልፈን እንዳንገባ የሚል ነበር። ደስ አለኝ።

ሰኞ የራህማ መልእክት ደረሰኝ። «እማ፣ ደላላው ሐሙስ ይመጣል። ከጦይባ ልጅ ጋር በባሕር ወደ አንቺ ልንመጣ ነው። ሐሙስ ጠዋት መልስሽን አያለሁ። ካልመለስሽልኝ እንደፈቀድሽ እቆጥረዋለሁ» ይላል። ጦይባ ጎረቤታችን ናት። መልስ ልጽፍ ስል ማዳም ጠራችኝ። ባትሪውን አውጥቼ ሮጥኩ።

ማክሰኞ ድረ ገጹን ስከፍት ቀይ ምልክት ወጣ። እንግሊዝኛውን አላነብም፤ ቀዩን ግን አውቃለሁ። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ያው ነው። የማዳም ልጅ ደርሶብኛል ብዬ ስልኩን መልሼ ደበቅኩት።

ረቡዕ ቆሻሻ ልጥል ስወጣ ከጎረቤት ቤት የምትሠራውን ሉባባን ደረጃው ላይ አገኘኋት። ስልኬን በቀሚሴ ውስጥ ይዤው ነበር፤ ቀይ ምልክት እንዳገደኝ ነገርኳት።

«አንቺ ደግሞ ጥላሽንም ትፈሪያለሽ! ያላ፣ በይ ተጭነሽ እለፊው» አለችኝ።

«ሰዒድ አትለፉ ብሏል» አልኳት።

እያጉረመረመች በእሷ ተራ ስልክ ወደ ሰዒድ ደወለችልኝ። ሰዒድ ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «እህቴ፣ ስልክሽ ዓመቱን ስንት ይላል?» አለኝ።

«2010።»

«ባትሪውን ታወጪዋለሽ?»

«እንዴት አወቅህ?»

«ሲወጣ ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። ድረ ገጹ አሁን እንደ እኛ ኢቃማ አለው፤ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን ያለው። ስልክሽ ያለው አምስት ዓመት ወደ ኋላ ነው፤ ኢቃማው ገና አልተሰጠም ብሎ ይመልስሻል። ቀኑን አስተካክዪው፣ ኸላስ፣ አለቀ።»

ሉባባ ሳቀች። «አምስት ዓመት! ያኔማ ማዳምንም አታውቂያትም፤ ታድለሽ!»

እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና ቀኑን አስተካከልኩ። ገጹ ተከፈተ። «አትምጪ። አልፈቀድኩም። እኔ እዚህ ያለሁት አንቺ እዚያ እንድትቀሪ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ሐሙስ ቀትር ላይ መልሷ መጣ። «እሺ እማ።» ሌላ ነገር የለውም።

የጦይባ ልጅ ግን ሄደች። እስከ ዛሬ ድምጿ አልተሰማም።

አሁን አገሬ ገብቻለሁ። ሰዒድ ድረ ገጹ ላይ ለጠፉ ሰዎች አንድ ገጽ ከፍቷል። ጦይባ በየሳምንቱ እየመጣች «እስቲ እይልኝ» ትለኛለች። አስቀድሜ የስልኬን ቀን አያለሁ፤ ልክ ነው። ከዚያ ከላይ እስከ ታች አብረን እናያለን። የልጅቷ ስም የለም። ያን ጊዜ የራህማ ድምፅ ከጓዳ ሲሰማ፣ ጦይባን ቀና ብዬ ማየት ያቅተኛል።