የእትዬ ብርቄ አዝራሮች

የታኘከ ነጭ ሽንኩርት ሲሸተኝ ዛሬም ያቅለሸልሸኛል፤ የአባቴ እህት እትዬ ዘነቡ ከጤና አዳም ጋር አኝከው ፊቴ ላይ እንትፍ ሲሉብኝ፣ ምራቃቸውም በጉንጬ ሲወርድ ይታወሰኛል።

ያኔ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ቤታችን ጎጃም በረንዳ፣ ከአባቴ የእህል መጋዘን ጀርባ ነበር። በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ተሸካሚው ሲንጫጫ፣ አባቴም ከሁሉም በላይ ሲጮህ፣ እናቴ ድንገት ደረቷን ይዛ ጓዳ ትገባና በሩን ትቀረቅር ነበር። በላብ ተጠምቃ ስትወጣ ምን ሆነሽ ካልኳት «ብርድ ነው» ትለኝ ነበር።

እኔን የጀመረኝ በአስራ ሦስት ዓመቴ፣ በግንቦት ሙቀት ነው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ከወደቅሁ ትምህርቴ ቀርቶ መጋዘን እንደምውል አባቴ በየምሳው ይነግረኝ ስለነበር፣ እንቅልፍ አጥቼ አነጋ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በገበያው ግፊያ መሃል ልቤ ይደልቅ ጀመር፣ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ልሞት ነው አልኩ። በራችን አጠገብ ክርና አዝራር የሚሸጡት ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ግን ምንም ሳይጠይቁኝ አጠገባቸው አስቀመጡኝና፣ እፍኝ አዝራር መዳፌ ላይ ዘርግፈው አንድ በአንድ ጣሳ ውስጥ እየጣልኩ፣ በእያንዳንዱም ቀስ ብዬ እየተነፈስኩ እንድቆጥር አደረጉኝ። አርባ ሳልደርስ አለፈልኝ። ከዚያ ወዲህ በመጣብኝ ቁጥር ወደሳቸው እሮጥ ነበር።

በሰኔ፣ ፈተናው ሳምንት ሲቀረው ግን ምሳ ላይ፣ በሰው ፊት ያዘኝ። እትዬ ዘነቡ ቡዳ ነው ብለው ፈረዱ። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ በሩ ተዘጋ፣ ያረጀ ጫማ ተጨሰብኝ፣ ያ ምራቅም መጣ። በደንባቸው የታመመው የሚጠራው ስም የበላው ቡዳ ስም ስለሆነ፣ «ማነው የበላሽ? ተናገሪ» እያሉ ፀጉሬን ይጎትቱ ነበር። እኔ ትንፋሽ አጥሮኝ «እትዬ ብርቄ» አልኩ። የጠራኋቸው እንዲደርሱልኝ ነበር።

«ቡዳዋ ብርቄ ናት» ተባለ። እናቴ የያዘኝ የራሷው ሕመም መሆኑን እያወቀች አንገቷን ደፋች። እኔም ሲያልፍልኝ ዱላ ፈርቼ እውነቱን አልተናገርኩም፤ የዘነቡን አፍ የምጸየፈውን ያህል ያን ዝምታዬን እጸየፈዋለሁ። በነጋታው የእትዬ ብርቄ አዝራሮች ቦይ ውስጥ ተደፍተው አየሁ። ሴቶቹ በፊታቸው ሲያልፉ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ነበር፤ ከእሳቸው የሚገዛም ጠፋ። ክረምቱ ሳይገባ ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው ሄዱ፤ የት እንደገቡ አላውቅም። ፈተናውን አለፍኩ፣ አባቴ በግ አረደ፣ እትዬ ዘነቡም ቅባት በቅባት በሆነ አፋቸው «እኔ ነኝ ያዳንኳት» ሲሉ ሰምቼ ወጥቼ አስታወክሁ።

አምና ልጄን ያዛት። ሐኪሟ ከቤተሰብ እንዲህ የሚያደርገው ሰው አለ ወይ ስትለኝ፣ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጓዳ ውስጥ የደበቀችውን እዚያው ነገርኳት። ዛሬ ልጄን ሲጀምራት በር አይዘጋም፣ የሚጮህም የለም፤ አዝራር መዳፏ ላይ አድርጌላት አብረን እንቆጥራለን። ባለፈው ሳምንት ሲያልፍላት «ይሄን ማን አስተማረሽ፣ እማ?» አለችኝ።

«እትዬ ብርቄ» አልኳት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስማቸውን ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር።