የካሴቱ አርባ

ልጅ ሳለሁ ጭሮ ውስጥ ከጫት ተራው ጀርባ እንኖር ነበር፤ ያኔ መብራት ከሚኖርበት የሚጠፋበት ምሽት ይበዛ ስለነበር፣ ገና ጨለም ሲል የሰፈሩ ልጆች ተጠራርተን ወደ ኦቦ ሙሜ ግቢ እንሮጣለን። ኦቦ ሙሜ ጎረቤታችን ናቸው። በወጣትነታቸው ኡድ የሚባለውን ባለ ጅማት መሣሪያ ይጫወቱ ነበር፤ እኔ ሳውቃቸው ግን ጫት በሙዝ ቅጠል እየጠቀለሉ ለነጋዴ በማሰር የሚኖሩ፣ ለእኛ ለልጆቹ ሽማግሌ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። ከማንደጃው ፍም ላይ የተራረፈ የጫት እንጨት፣ ገራባውን፣ ጣል ያደርጉበታል። ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ ብርጭቆው በተሰነጠቀ ፋኖስ ዙሪያ ቁጢጥ ብለን ተረት እንጠብቃለን።

ተረታቸው የአንበሳና የጦጣ አልነበረም፤ የካሴት ነበር። ኦቦ ሙሜ ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው በዕድሜያቸው አንድ ካሴት አውጥተዋል፤ ኡድ፣ ጊታር፣ ሳክስፎንና ከበሮ ያለበት፣ የአገሩን ዜማ ከጃዝ ጋር የቀየጠ። እያንዳንዱ ዘፈን የራሱ ተረት ነበረው። ሳክስፎን ነፊው ቦርደዴ ላይ ከጭነት መኪና ወድቆ ሳክስፎኑ ስለተጣመመ ዜማውም አብሮ ተጣመመ። ሁለተኛውን ዘፈን ሲለማመዱ ጅብ መጥቶ በር ላይ ተኝቶ አዳመጠ። የአሰቦት ግመሎች ኡዱን ሲሰሙ ጭነታቸውን እንደተሸከሙ ተንበረከኩ። ውሸት መሆኑን እናውቃለን፤ እሳቸውም እንደምናውቅ ያውቃሉ። ግን አንዱ ልጅ ጅቡ እስከ መጨረሻው አዳምጦ እንደሆነ ሲጠይቃቸው በቁም ነገር ያስቡና «የለም፣ ከበሮው አልጣመውም፣ ተነስቶ ሄደ» ይላሉ።

የመጨረሻው ተረት ግን እውነት ነበር። ካሴቱ የተቀዳው አንድ የጫት መጋዘን ውስጥ ነው፤ ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ጆንያ የውጭውን ድምፅ ይውጣል ተብሎ። ሚስታቸው ዘይነባ፣ ከተረት ውስጥ ብቻ ስለማውቃት አንቱ ማለት አልለመደብኝም፣ በወተት የፈላ የቡና ገለባ፣ ሆጃ የምንለውን፣ በማንቆርቆሪያ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ዘፈኑ እስኪያልቅ ትንፍሽ እንዳትል ተነግሯታል። ዘፈኑ ግን አላልቅ አለ፤ ሳክስፎን ነፊው በራሱ ድምፅ ተደስቶ እንደገና ከላይ ጀመረው። የኡዱ የመጨረሻ ጅማት ገና እየተንቀጠቀጠ ሳለ ዘይነባ መታገሥ አቃታትና «ሆጃን ቀበናኤ» አለች፤ ሆጃው ቀዘቀዘ ማለቷ ነው። ደግመው ለመቅዳት ትርፍ ክር አልነበራቸውም። ሳክስፎን ነፊው ሳምንት ሙሉ አኮረፈ፤ ካሴቱ ግን ከነድምፅዋ ወጣ።

እኛ ሳንወለድ ሞታለች። ፎቶ አልተነሳችም። ከእሷ የቀረው ያ ካሴት ላይ ያለው ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ በየቤቱ የነበሩት ሌሎቹ ቅጂዎች ሌላ ዘፈን ተቀድቶባቸው አልቀዋል። ኦቦ ሙሜ የቴፑን ባትሪ ድንጋዮች ቀን ቀን ጣሪያ ላይ ፀሐይ ያሞቋቸዋል፤ ያም ሆኖ ሙሉ ካሴት የማጫወት ጉልበት የላቸውም። ስለዚህ ክሩን በእስክሪፕቶ አጠንጥነው እየወሰዱ የመጨረሻውን ጥቂት ብቻ ያሰሙናል። እኛ አልበሙን የምናውቀው ከጅራቱ ነው። ኡዱ ሊያበቃ ሲል እስትንፋሳችንን እንይዝና ከእሷ እኩል፣ በአንድ አፍ፣ «ሆጃን ቀበናኤ» እንላለን። ሌሎች ልጆች ተረት የሚዘጉበት የራሳቸው ነገር አላቸው፤ የእኛ ይሄ ነበር። ተረቱ አለቀ፣ ወደየቤታችን።

አሁን የሰዉ ሁሉ ሥራ ልደት ማክበር ሆኗል። የሰው ልደት ቢሆን ግድ የለኝም፤ የአልበም ልደት ነው። ጠዋት ስልኬን ስከፍት የሆነ የፈረንጅ ሮክ ሃምሳ ዓመት ሞላው፣ የሆነ ጃዝ ስልሳ ደፈነ እያለ ደረቱን የሚደቃ አይጠፋም። ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ሰምቶት እንደሆነ ጠይቁት። የሚያውቀው ሽፋኑን ነው። ከእነዚህ አንዱ፣ ራሱን አስተባባሪ ብሎ የሚጠራ የአዲስ አበባ ልጅ፣ የእኛን ካሴት ከየት እንደሰማው እንጃ፣ አርባኛ ዓመቱን አከብራለሁ ብሎ ጭሮ ድረስ መጣ። ለእናቴ ብነግራት ከሥራዋ ቀና ብላ «አርባ? የማን አርባ ነው?» አለችኝ። እኛ ክርስቲያኖቹ ቤት አርባ ሲባል የሙት ተዝካር ነው የሚታወቀው። ያኔ ሳቅሁባት።

አስተባባሪው ኦቦ ሙሜ ቤት ሲገባ ጥቁር መነጽሩን አላወለቀም። የእሳቸው ክፍል በእኩለ ቀን እንኳ ጨለማ ናት፤ ከማንቆርቆሪያው ጋር ተጋጭቶ ነው የተቀመጠው። «ፋዘር» ይላቸዋል፤ ሰማንያ ዓመት የሚጠጋቸውን ሰው። ካሴቱን ወስጄ በኮምፒውተር ማጽዳት አለብኝ አለ። እኔ እዚሁ ገልብጠህ ሂድ ስለው እንደ ሕፃን አየኝና የቤት ቅጂ ጥራት የለውም አለኝ። ኦቦ ሙሜ ካሴቱን በሻሽ ጠቅልለው ሰጡት። እሱ ከወጣ በኋላ በንዴት ስንቆራጠጥ አይተው «ይውሰድ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አዳራሽ ሙሉ ሰው ይሰማታል።» ያሉት ይሰማታል ነው። ስለ ዘፈኑ አልነበረም የሚያወሩት።

በዓሉ እሑድ ከሰዓት ተደረገ። ኬኩ የካሴት ቅርጽ ነበረው። ባነሩ ላይ በእሳት የሚነድ የኤሌክትሪክ ጊታር ተስሏል፤ ከአራቱ አንዳቸውም እንዲህ ያለ ነገር በእጃቸው ነክተው አያውቁም። አንድ ባለሥልጣን ከወረቀት ላይ ባነበበው ንግግር ካሴቱን «ይህ ታሪካዊ ሲዲ» እያለ አመሰገነው፤ ሳቀ የሚባል ሰው አልነበረም። ከዚያ አስተባባሪው ማይክሮፎኑን ይዞ ካሴቱ ዋሻ ውስጥ፣ በሻማ ብርሃን፣ በሞት ጥላ ሥር እንደተቀዳ ተረከ። ኦቦ ሙሜ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «የት ነው ያለው ዋሻው?» አሉኝ። እኔ ውሸት አልጠላም፤ በውሸት ነው ያደግሁት። ግን የኦቦ ሙሜ ውሸት ጅብ ይጠራ ነበር፤ የዚህ ልጅ የሚጠራው ስፖንሰር ነው።

በመጨረሻ ዘፈኑ ተከፈተ። ኦቦ ሙሜ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ አዲስ ኮፊያ አድርገው ከፊት ተቀምጠዋል። የመጨረሻው ዘፈን ሊያልቅ ሲል እጄን ያዙ። ኡዱ ተንቀጠቀጠ፤ እኔም ከልማድ አፌን ከፈትኩ። ድምፁ ግን እየሳሳ፣ እየሳሳ፣ ምንም ሳይል ጠፋ። አዳራሹ አጨበጨበ። ኦቦ ሙሜ የዘገየች መስሏቸው ነው መሰለኝ፣ ጭብጨባው ካበቃም በኋላ ጆሯቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አዘንብለው ቆዩ።

«ዘይነባስ?» አሉ።

አስተባባሪው ጎንበስ ብሎ «ማን፣ ፋዘር?» አለ። መጨረሻ ላይ የምትናገረውን ሴት እንደሚፈልጉ ነገርኩት። ፊቱ በራ። «እ፣ ያ ጫጫታ! እሱንማ አጽድተነዋል» አለና ምስጋና ጠበቀ። ቀጥሎ የወርቅ ቀለም የተቀባ ፍሬም ሸለማቸው። መስተዋቱ ውስጥ ካሴቱ በሙጫ ተለጥፏል፤ ክሩን መዝዘው አውጥተው፣ ቆራርጠው፣ በጥቁር ጨርቅ ላይ የ40 ቁጥር ሠርተውበታል። ያንን የሠራ ሰው ጥበብ ሠራሁ ብሎ ተደስቶ ወደ ቤቱ ሄዶ ይሆናል። ጠላሁት። ዛሬም እጠላዋለሁ።

በማግስቱ ደውዬ ከመጽዳቱ በፊት የነበረውን ቅጂ እንዲልክልኝ ለመንኩት። ቦታ ስለሚይዝ አጥፍተነዋል እህቴ አለኝ፤ ቆየት ብሎም የጸዳውን ከቀይ ልብ ጋር ላከልኝ።

በዚያው ቀን ምሽት ኦቦ ሙሜ ዘንድ ሄድኩ። ፍሬሙን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው አስቀምጠውታል። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እንደ ለቅሶ ለብሳ መጣችና አጠገባቸው ተቀመጠች፤ የማን አርባ እንደሆነ አልጠየቀችም። የሰፈሩ ልጆች ስልካቸውን እየነካኩ በሩ ላይ ተኮልኩለዋል። ኦቦ ሙሜ ከማንደጃው ፍም ላይ ገራባ ጣል አደረጉና ሳይጠየቁ ጀመሩ፤ መጋዘኑን፣ ጆንያውን፣ አልጠግብ ባዩን ሳክስፎን ነፊ፣ በሩ ላይ የቆመችውን። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ እጃቸው ከልማድ ወደ ቴፑ ሄደና መንገድ ላይ ቆመ።

እኔ አልኩት፤ «ሆጃን ቀበናኤ።»

ኦቦ ሙሜ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይደለም። ቃሉ ደህና ነው። አንቺ ግን አዘንሽ። እሷ መቼ አዘነች፣ ንቃን ነው።»

ደገምኩት። አሁንም አይደለም አሉ። በልጅነቴ ሁሉ አብሬያት ስለው የኖርኩት ቃል ውስጥ ንቀት እንዳለ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ያኔ የአስተባባሪውን መነጽር አሰብኩ፤ ኬኩን፣ በእሳት የሚነደውን ጊታር፣ ታሪካዊውን ሲዲ፣ ቀዩን ልብ። የራሱን ድምፅ እየሰማ የሚደሰት ወንድ ለምን ያህል ጊዜ በር ላይ ቆመው እንደሚጠብቁት አሰብኩና ከጥርሴ መሐል፣ ሳልጮኽ፣ «ሆጃን ቀበናኤ» አልኩ።

ኦቦ ሙሜ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ዱፌ፣ ዱፌ» አሉ፤ መጣሁ፣ መጣሁ። በሩ ላይ የነበሩት ልጆች ሳቁ። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ ክንዳቸውን ይዛ ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠቻቸው።

እውነቱን ለመናገር ከዚያ አልበም ሙሉ ዘፈን ማንጎራጎር አልችልም፤ እኔ ዘንድ የቀረችው በሩ ላይ የቆመችው ሴት ናት። ልጆቹ አሁን ቃሏን ከእኔ እየተማሩ ነው፤ አንዷማ ከእኔ አሻሽላ ትለዋለች፣ ከንፈሯን ጠምዘዝ አድርጋ። ሃምሳኛውን አከብራለሁ የሚል ካለ ይምጣ። ሆጃው ቀዝቅዞ ይጠብቀዋል።