የመጋዘኑ ስልኮች

ሸምሲያ ሐምዱ በጉንደ ወይን የምትታወቀው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የጨርቅ ነጋዴው የሐምዱ ልጅ ናት። ሁለተኛ፣ ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር ተምራ፣ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ሠርታ፣ እኩዮቿ ሁሉ ወደዚያ ሲሄዱ እሷ ወደዚህ ተመልሳለች። ዕድሜዋ ሃያ ዘጠኝ ነው። ፈጥና ትራመዳለች፤ ቀስ ብላ ትናገራለች።

በተመለሰችበት ዓመት ከአባቷ ሱቅ ግራና ቀኝ ሰባት ሱቆች ተዘግተው ነበር። ገዢው ሚኒባስ ተሳፍሮ ደብረ ማርቆስ ይገበያል። ትምህርት የጨረሱ ልጆች በዚያው ሚኒባስ ይሄዱና አይመለሱም። አባቷ ይህን እያዩ፣ "አንቺ ደግሞ ምን ረስተሽ መጣሽ?" ይሏት ነበር። እሷ ግን ከከተማዋ ጫፍ ለዓመታት ባዶውን የቆመ የእህል መጋዘን አየች። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፣ ጣሪያው ደህና ቆርቆሮ ነው፤ የስልክ ማማው ከኋላው ቆሟል።

መጋዘኑን ከከተማው አስተዳደር ለሁለት ዓመት ያለ ኪራይ ተረከበች። ውሉ አንድ ግዴታ ነበረበት። ሁለት ዓመቱ ሲያልቅ ቢያንስ አርባ ሰው የማይሠራበት ከሆነ ቤቱ ተመልሶ የእህል ማከማቻ ይሆናል። መጀመሪያ ስልክና ላፕቶፕ የሚጠግን ልጅ ገባ። ቀጥሎ ለቪዲዮ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ሁለት ሴቶች፣ ከዚያ ማርና ጤፍ በኢንተርኔት ለአዲስ አበባ ደንበኞች የሚሸጡ ወንድማማቾች መጡ። እያንዳንዱ ሰው ሌላ ሰው እየቀጠረ በሃያኛው ወር የሠራተኛው ቁጥር አሥራ ስድስት ደረሰ። አሥራ ስድስቱ ደህና ይሠሩ ነበር፤ አርባ ግን አልነበሩም፤ የቀረውም ጊዜ አራት ወር ነው።

በዚያ ወር ሸምሲያ አዲስ አበባ ካለ አንድ የዕቃ አድራሽ ድርጅት ጋር ተስማማች። የድርጅቱ ደንበኞች ቀኑን ሙሉ እየደወሉ "ዕቃዬ የት ደረሰ?" ይላሉ። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጡ ሠላሳ ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ በአዲስ አበባ የቢሮ ኪራይ ደግሞ የሚቀመስ አልሆነም። ድርጅቱ የጠየቀው የሁለት ሰዓት ፈተና ነው። እውነተኛ ጥሪዎች ወደ መጋዘኑ ይላካሉ፤ ከመቶው ዘጠናው ከተመለሰ ሥራው ጉንደ ወይን ይመጣል። ካልተመለሰ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል።

ሸምሲያ ከአሥራ ስድስቱ ሌላ ሃያ ሰው መርጣ ሦስት ሳምንት አሠለጠነች። ከእነዚህ መካከል ቀድሞ የቆሎ ተማሪ የነበረው ቢያዝን የመልሱን ዓይነት ሁሉ እንደ ዳዊት በቃሉ ያዘው። የሁለት ልጆች እናት የሆነችው ስሜነሽ ደግሞ የሚቆጣ ደንበኛ በማብረድ የሚያህላት አልተገኘም። መብራት ቢጠፋ የሚተካ ጄኔሬተር ተዘጋጀ። ያልተዘጋጀ ነገር ያለ አይመስልም ነበር።

በዋዜማው የከተማው የእንግዳ አቀባበል ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ዘመነ መጡ። ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ሸምሲያንም ስድስተኛ ክፍል አስተምረዋታል።

"ልጆች" አሉ፣ "ነገ እንግዳ ይመጣል። ተቀምጦ እንግዳ የሚቀበል በእኛ አገር የለም። አደራ!"

ሃያዎቹም ሸምሲያም ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ ለማናቸውም እንግዳ ነገር አልነበረም።

ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጥሪው ተከፈተ። አሥር ደቂቃ ያህል ሁሉም ነገር ባማረ ሁኔታ ሄደ። ከዚያ በሩ ተከፈተና ከአዲስ አበባ የተላከችው የድርጅቱ ኃላፊ መቅዲ፣ ከጋሽ ዘመነ ጋር ገባች።

ሃያው ሰው ማዳመጫውን ከጆሮው አውርዶ ብድግ አለ። "ኖር!"

"ተቀመጡ፣ ተቀመጡ" አለች መቅዲ።

"ኧረ አይገባም! እርስዎ ይቀመጡ!"

መቅዲ የመጣችው በጠረጴዛዎቹ መካከል እየተዘዋወረች ሥራውን ለማየት ነው። ስለዚህ አልተቀመጠችም። እንግዳዋ ስላልተቀመጠች ሠራተኞቹ አልተቀመጡም። ስልኮቹ ይጮሃሉ። ስሜነሽ ብቻ በመስመር ላይ ደንበኛ ስለነበራት ማዳመጫዋን አላወረደችም፤ እሷም ቆማ፣ "ይቅርታ እናቴ፣ እንግዳ ገብቶብን ነው፤ ትንሽ ቆይተው ይደውሉ" ስትል ተሰማች። ጋሽ ዘመነ የመጋዘኑን ታሪክ ጀመሩ። ማን እንዳሠራው፣ ድንጋዩ ከየት እንደመጣ፣ በደጉ ዘመን ስንት ኩንታል ይይዝ እንደነበር ተናገሩ። ሸምሲያ ከኋላ ሆና "ተቀመጡ" እያለች በእጇ ምልክት ብትሰጥም ቢያዝን "በእንግዳ ፊት?" በሚል ዓይን መለሰላት። መቅዲ ዞራ ጨርሳ እስክትወጣ አርባ አምስት ደቂቃ አለፈ።

በምሳ ሰዓት ለክርስቲያኑ አንድ፣ ለሙስሊሙ አንድ፣ ሁለት ጠቦት ታርዶ በመጋዘኑ ግቢ ቀረበ። ሸምሲያ ሳትበላ መቅዲ አጠገብ ተቀመጠች።

"ቁጥሩን ንገሪኝ።"

"ሁለት መቶ አርባ ተደወለ፤ መቶ ሠላሳ አንዱ ተመለሰ።" መቅዲ ስልኳን አሳየቻት። "አዝናለሁ ሸምሲያ። እንግዳ ተቀባይነታችሁ ግን በእውነት—"

"የጣለን እሱ ነው።"

"እኔ እኮ ተቀመጡ ብያቸዋለሁ!"

"ሳትቀመጪ ነው ያልሻቸው።"

መቅዲ የያዘችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች።

"እንግዳ ቆሞ መቀመጥ እዚህ ነውር ነው" አለች ሸምሲያ። "ሥራ አያውቁም ብለሽ እንዳትሄጂ። አንቺ ከመግባትሽ በፊት የነበረውን አሥር ደቂቃ ለብቻው እዪው።"

መቅዲ አየችው። ከመጡት ጥሪዎች ያልተመለሰ አልነበረም።

"ከሰዓት በኋላ ሌላ ሁለት ሰዓት ስጪን።"

"ብሰጣችሁስ? መግባቴ አይቀርም። ስገባ ትነሳላችሁ።"

"እንግዳ ሆነሽ አትገቢም። ወንበር እሰጥሻለሁ፤ ማዳመጫ አድርገሽ ስልክ ታነሻለሽ። አብሮ የሚሠራ ሰው እንግዳ አይባልም።"

መቅዲ ሳቀች። "ስልክ መመለስ ከተውሁ አራት ዓመቴ ነው።"

"ቢያዝን ያሠለጥንሻል። ትንሽ ይቆጣል እንጂ ጥሩ መምህር ነው።"

ለዘጠኝ ሰዓት ተቀጣጠሩ። የቀረው ከባዱ ነበር። ሸምሲያ ጋሽ ዘመነን ከምግቡ ለይታ ወደ ጥላው ወሰደቻቸው።

"ጋሼ፣ ከአሁን በኋላ ማንም ቢገባ ልጆቹ አይነሱም።"

"ለእንግዳም?"

"ለእንግዳም።"

"እኔ ብገባስ?"

"እርስዎም ቢገቡ።"

"ጳጳስ ቢመጣስ?"

"ጳጳስም ቢመጡ ጋሼ።"

"እሺ፣ አባትሽ ቢገቡ?"

"አባቴማ የሚገቡት ጨርቅ ሊሸጡላቸው ነው፤ ጭራሽ ቀና ብለውም አይዩአቸው።"

ጋሽ ዘመነ አልሳቁም። "ሠላሳ አራት ዓመት አስተማርሁ" አሉ። "እነዚህን ልጆች እንዲነሱ ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ። ሌላው ቢቀር ሰው ማክበር ያውቃሉ እላለሁ። አሁን እሱንም አስተዋቸው ነው የምትዪኝ?"

"እኔ ብነግራቸው አይሰሙኝም፤ ጠዋት አይተውታል። እንዲቀመጡ ማዘዝ የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ካልሆነ ግን ሥራው ዛሬውኑ ይሄዳል፤ ቤቱም ይሄዳል፤ ልጆቹም ይከተሉታል።"

ሽማግሌው ከዘራቸውን አንስተው ወደ ውስጥ ገቡ። ሃያው ሰው ተነሳ።

"ስሙኝ" አሉ ጋሽ ዘመነ። "ጸሎት ላይ ያለ ሰው እንግዳ ቢመጣበት ያቋርጣል?"

"አያቋርጥም።"

"ሙስሊሙስ በስግደት መካከል ለሰው ይነሳል?"

"አይነሳም።"

"እንግዲያው በዚህ ቤት ስልክ የያዘ ሰው ጸሎት እንደያዘ ሰው ነው። የደወለላችሁም ሰው እንግዳ ነው፤ ቀድሞ የመጣው እሱ ነው። ቀድሞ የመጣውን ትታችሁ ኋላ ለመጣው ብትነሱ ነውሩ ያ ነው። ተቀመጡ።"

ተቀመጡ። ጋሽ ዘመነ ግን መምህር ናቸው፤ ያስተማሩትን ሳይፈትኑ አይሄዱም። ወጥተው ተመልሰው ገቡ። ግማሹ ሰው ከወንበሩ ተላቀቀ። "ተቀመጥ!" ብለው ወጡ። ሁለተኛ ሲገቡ አምስት ሰው ተነሳ። ሦስተኛ ሲገቡ የተንቀሳቀሰው የቢያዝን ጉልበት ብቻ ነበር።

"ቢያዝን!"

"አልተነሳሁም የኔታ! ጉልበቴ ነው።"

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥሪው ተከፈተ። መቅዲ በቢያዝንና በስሜነሽ መካከል ተቀምጣለች። አንድም ሰው ዞር ብሎ አላያትም። ቢያዝን አንድ ጊዜ ብቻ በእጁ ማይኩን ከድኖ፣ "አታቋርጫቸው፤ ይጨርሱ" አላት። ከጥሪዎቹ መካከል "አነጋገርህ የጎጃም ነው፤ ዕቃዬ እዚያ ደረሰ እንዴ?" ያለ ደንበኛ ነበር። "ዕቃዎ መገናኛ ነው፤ እዚህ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ" ብሎ ቢያዝን መለሰለት፤ ሰውዬውም ስቆ ዘጋ።

አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ማንም አልነገራቸውም፤ ጋሽ ዘመነ ራሳቸው ፈቅደው ገቡ። ከዘራቸውን መሬት እያስነኩ በረድፉ መካከል ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብለው ተራመዱ። ሃያውም ሰው አንገቱን አቀርቅሮ ይናገራል። አንድ ወንበር አልተንቀሳቀሰም። ሸምሲያ ፊታቸውን አየች። ቅሬታ ይሁን ደስታ አልለየችውም። ሽማግሌው በመጨረሻው ጠረጴዛ ዘንድ ቆሙ፣ መሬት ላይ የወደቀ ወረቀት አንስተው ስሜነሽ አጠገብ አስቀመጡና ወጡ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቁጥሩ ታየ። ሁለት መቶ ሃያ ስድስት ተደውሎ ሁለት መቶ አሥራ ዘጠኙ ተመልሷል። ካልተመለሱት ሰባቱ አምስቱ የመቅዲ ነበሩ።

"ሃያውንም እወስዳለሁ" አለች መቅዲ ማዳመጫዋን እያወለቀች። "አሥር ጨምሪበትና ኅዳር መባቻ ላይ እንጀምር።"

በማግስቱ ሸምሲያ የመጋዘኑን ውል ይዛ ወደ ከተማው አስተዳደር ሄደች። የተቀበላት ሠራተኛ አሥራ ስድስቱንና ሠላሳውን ሁለት ጊዜ ደመረ፤ አርባ ስድስት። መዝገብ ላይ አስፍሮ ውሉን ካተመበት በኋላ ቀና ብሎ፣ "ግን ይህ ሥራ እስከ መቼ ይቆያል ብለሽ ነው?" ሲል ጠየቃት።

"ሰው ዕቃዬ የት ደረሰ እስካለ ድረስ" አለችና፣ ማኅተሙ እስኪደርቅ ሳትጠብቅ አሥሩን አዲስ ሠልጣኞች ልትመዘግብ ወጣች።